ፀጉር አስተካካዩ የላጨው ጓሮ

ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው «ከጎኑ ትንሽ ብቻ ቀንስልኝ» ቢልም፣ «ከላይ እንዳትነካብኝ» ቢልም፣ የሚነሣው አንድ ዓይነት ሆኖ ነው፤ ሙልጭ ብሎ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስለሠራ ደንበኞቹ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተው ጋሽ ሙልጭ አሉት። እሱም አልተቀየመም። ሰው መስታወት ፊት ሲቀመጥ የሚፈልገውን አያውቅም፣ ይንተባተባል፣ የባለሙያ ሥራ ደግሞ ያልተባለውን ማወቅ ነው ብሎ ያምን ነበር። ታዲያ ደንበኞቹ ለምን ይመለሱ ነበር ቢባል፣ አንደኛ በአቅራቢያው ሌላ ፀጉር ቤት ስላልነበረ፣ ሁለተኛ ወሬው ስለሚጥም ነው።

ፀጉር ቤቱ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ከመስታወቱ ጎን ያለውን በር ከፍተው ወጥ ቤቱን ካለፉ ጓሮው ላይ ይደርሳሉ። ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን ቢቆም የሚሞላ ጓሮ ነው። የፊቱ ክፍል የእሱ፣ ጓሮው የእህቱ፣ ወጥ ቤቱ የሁለቱ ነበር። እህቱ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። ባሏ ከሞተ ቆየ፣ አንድ ልጇ ሌላ ከተማ ኑሮ መሥርታለች። እሱ አላገባም። ለምን ሲሉት «ቤቱ ሥርዓት ይዟል፣ ምን ጎደለኝ?» ይላል። እሱ «እትዬ» ይላታል፣ እሷ ደግሞ ስድሳ አራት ዓመት የሞላውን ሰውዬ ደንበኛ ፊት ሳይቀር «ማሙሽ» ትለዋለች።

እትዬ ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ሠርታለች። የሰውን ሕመም ሁሉ በፊደል ተራ ስትደረድር ኖራ፣ ጓሮዋ ስትገባ ተራ የሚባል ነገር ማየት አልፈለገችም። ቲማቲሙ መሃል በሶብላ ገብቷል። ጎመኑ ስር ጦስኝ ተነጥፏል። ካሮቱ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተጋፍቶ ይኖራል። አራቱም ማዕዘን ላይ ጤና አዳም እንደ ዘበኛ ቆሟል። በየቦታው ደግሞ ታቹ የተቆረጠ የቀለም ጣሳ እስከ አፉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ናና ይበቅልበታል። ጉሮሮው የተዘጋ ጎረቤት ጦስኝ፣ ሆዱን የነፋው ናና ይዞ ይሄዳል። ቲማቲሟና ጎመኗ ደግሞ ከሁለቱ ተርፎ ለሰፈሩ ግማሽ ይደርስ ነበር። ጋሽ ሙልጭ ይህን ጓሮ ሲያይ ዓመት ሙሉ ማበጠሪያ ያልነካው ራስ ይመስለውና እጁን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን የፀጉር ቤቱን ወለል በሳሙና ውሃ ወለወለው። ፊት እስኪያሳይ ነው የወለወለው፤ ሙልጭ ያለ ነገር ይወዳል አልን እኮ። እትዬ በእርጥብ ነጠላ ጫማ ከጓሮ ገባች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሦስተኛውን አልጨረሰችም። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነና ልጇ መጥታ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቷ ልትወስዳት ሆነ። መኪናው ውስጥ እንዳስተኟት የወንድሟን እጅ ያዘች።

«ማሙሽ፣ ጓሮውን ውሃ ብቻ አጠጣልኝ። እጅህን ግን ሰብስብ።»

«እሺ እትዬ።»

እሺ ያለው ከልቡ ነው። ግን ያን ሳምንት ሙሉ ጸጸት ሲበላው ሰነበተ፣ ሰው ሲጸጸት ደግሞ ሥራ ይወዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲጠፋ ጓሮው በር ላይ ቆሞ አሰበ። እህቴን የጣልኳት እኔ ነኝ፣ ስትመለስ ደስ የሚላት ነገር ላቆያት፣ ምስኪን አርጅታ ማረም ስላቃታት እንጂ ይሄ ሁሉ ቅጠል እዚህ ምን ይሠራል አለ። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። በሶብላውን ነቀለ፣ ጦስኙን ላጨ፣ ጤና አዳሙን ከአራቱም ማዕዘን አነሣ። የዛጉትን ጣሳዎች አንድ በአንድ አውጥቶ ናናውን ከነሥሩ አራግፎ ጣለ። ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ ወጥ ውስጥ ስለሚያውቀው ማረው። ሲመሽ ጎመን ጎመን ሆኖ፣ ቲማቲም ቲማቲም ሆኖ፣ በመካከላቸው ባዶ መሬት ይታይ ነበር። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተመለከተው። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ እትዬ ደወለች። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀችው ስለ እሱ አልነበረም።

«ናናው ከጣሳው አልወጣም?»

«የቱ ጣሳ?» አለ ጋሽ ሙልጭ። ወዲያው ደግሞ «እ… ጣሳው። አልወጣም፣ የት ይሄዳል» አለ። ጣሳዎቹ በር ላይ ቆሻሻ ወሳጁን እየጠበቁ ነበር።

እትዬ ማስጠንቀቋን ቀጠለች። «ናና ከለቀቅከው ቤት ይወርሳል። ጣሳው ነው የሚያስከብረው። ጦስኙስ? እሱ ባይኖር ጎመኔን ትል ይጨርሰው ነበር። ምንም አልነካህማ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ስልኩን ልጇ ተቀበለችና ኮሪደር ላይ ወጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እማዬ እዚህ ብትሆን ይሻላታል። ሊፍት አለ፣ ሐኪም ቅርብ ነው። እሷ ግን ጓሮዬ ትላለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ቢደርቅ ደስ ይለኛል። ሦስት ወር ሲሞላት አመጣታለሁ፣ ታየዋለች። የሚታይ ነገር ከሌለ ሻንጣዋን ሳናወርድ ይዣት እመለሳለሁ።»

ጋሽ ሙልጭ ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። የእትዬ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ነው። ሁልጊዜ ድምፁን ቀንሺው እያለ የሚነዘንዛት ሬዲዮ። ያቺ የጣለቻት ነጠላ ጫማ በሩ ስር ተደርድራለች። ሥርዓት የያዘ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባውና ፈራ። ተነሥቶ ወጣ፣ ከበር ላይ ጣሳዎቹን ለቅሞ ወደ ውስጥ መለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከጣሳዎቹ ግማሾቹ ዝገት በልቷቸው እጁ ላይ ተፈረፈሩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ያ ያማረ ጓሮ ጉዱ ፈላ። ጥላ ያጣው አፈር ሰነጠቀ፤ ጠዋት ያጠጣው ውሃ ምሳ ሳይደርስ የት እንደገባ አይታወቅም። ጎመኑ ላይ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ያለ ቀጠሮ መምጣት ጀመሩ፣ ከእነሱ በኋላ ትሉ መጣ። ቅጠሉ ወንፊት ሆነ። ቲማቲሙ አበባ ያወጣል፣ አበባው ይረግፋል። ንብ የሚባል ነገር ከጠፋ ሰንብቷል።

ከደንበኞቹ አንዱ ግብርና ኮሌጅ የሚያስተምር መምህር ነበር። ጋሽ ሙልጭ ግማሽ ራሱን ከላጨው በኋላ መቀሱን አስቀመጠና «አንዴ ይነሡ፣ የማሳይዎት ነገር አለ» አለው። መምህሩ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ፀጉሩን ይዞ ጓሮ ገባ። ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በጣቱ ቆረቆረ።

«ይሄ አፈር ራቁቱን ነው። በፊት ምን ነበረበት?»

ጋሽ ሙልጭ ነገረው። ሁሉንም አይደለም፤ «ቅጠላ ቅጠሉ በሆነ ምክንያት ጠፋ» ነው ያለው።

«አዬ!» አለ መምህሩ። «እኛ ተማሪዎቻችንን አሰባጥሮ መትከል እያልን ሁለት ዓመት የምናስተምረው ይሄንን ነበር። ጎመን ፈልጋ የምትመጣ ቢራቢሮ የጦስኙ ሽታ ያደናግራታል። የበሶብላው አበባ ንብ ይጠራል። ሥሮቻቸው አፈሩን ያላሉታል፣ ቅጠላቸው ጥላ ይሆናል፣ ሲረግፍ በስብሶ መልሶ መሬቱን ይመግባል። ለመድኃኒት የሚተከለው ለሰው ብቻ አይደለም። ግን ሁሉም ከሁሉም አይስማማም፣ ማን ከማን እንደሚያድር ማወቅ ይፈልጋል። እህትዎ የት ነው የተማሩት?»

«ካርድ ክፍል» አለ ጋሽ ሙልጭ።

የነቀለውን መልሶ እንዳይተክል የነቀለው ደርቋል። አንድ መንገድ ብቻ ነበር። እትዬ ባለፉት ዓመታት ለጎረቤቱ ሁሉ ቁራጭ እየሰጠች ስላስተከለች በየቤቱ በረንዳ ላይ አንድ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ሙልጭ ባልዲ ይዞ በር ማንኳኳት ጀመረ። ከአንዷ ጦስኝ፣ ከሌላዋ ጤና አዳም፣ ከዳቦ ጋጋሪው ናና ለመነ። ሁሉንም «አደራ፣ እትዬ እንዳትሰማ፣ በሆዳችሁ ያዙት» ይላቸዋል። ያዙት። ያልያዘው እሱ ራሱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ ለፀጉር አስተካካይ ደግሞ አፉ መሣሪያው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሚስጥሩን ሰማ፤ አንዳንዱ ሁለቴ ሰምቶ ሁለተኛው ይሻላል አለ።

ደግሞም የሚያስተምረው አላጣም። እሑድ በመጣ ቁጥር እትዬ ትደውላለች፣ እሱም አንድ ዘዴ አገኘ።

«እትዬ፣ እንስላል ከቲማቲም ጋር እንዴት ነው?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«አይ፣ አንድ ደንበኛዬ ነው የጠየቀኝ።»

«ለደንበኛህ ንገረው፣ እንስላል ጎረቤት አይወድም። ቲማቲሙ አጠገብ ከተከለው ያቀጭጭበታል። ለብቻው ጥግ ያስይዘው።»

ጋሽ ሙልጭ እንስላሉን ቲማቲሙ መሃል የተከለው የተበጠረ ፀጉር ስለመሰለው ነበር። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወስዶ አጥር ጥግ አቆመው። ያ ደንበኛ በእነዚያ ወራት ያልጠየቀው ነገር የለም። በሶብላው ለምን ይጠወልጋል አለ። የጎመኑን ትል በምን ላባርር አለ፤ በእጁ ይልቀመው ተባለ፣ ለቀመው። አንድ እሑድ ደግሞ ያለ ጣሳ የተከለው ናና መንገዱን አቋርጦ ካሮቱ ውስጥ ገባበት።

«ጣሳ የለውም?» አለች እትዬ።

«ጣሉበት መሰለኝ።»

«ደንበኛህ ጅል ነው።»

«ነው» አለ ጋሽ ሙልጭ። «ደግ ነው ግን።»

«ደግ ጅል የባሰ ነው። አዲስ ጣሳ ይፈልግ፣ ታቹን ይቁረጠው፣ የሸሸውን ናና ሥር ተከትሎ ለቅሞ ያስገባው። ደግሞ ንገረው፣ በገመድ ለክቶ በሰልፍ እንዳይተክለው። ትል ሰልፍ ይወዳል፤ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ነው የሚሄደው።»

ጋሽ ሙልጭ መስኮቱ ላይ ያንጠለጠለውን ገመድ አየው። ከዚያ ቀን በኋላ ገመዱን ፎጣ ማስጫ አደረገው።

ቀስ በቀስ ነገሩ መቃናት ጀመረ። ጦስኙ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ሲነኩት ቀን ሙሉ እርጥብ ነው። በሶብላው ሲያብብ ንቦቹ ተመለሱ፣ ቲማቲሙም አበባውን መጣል ትቶ ፍሬ ያዘ። ጎመኑ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ቀዳዳ አልጠፋበትም፣ ግን የሚበላ ነው። ጋሽ ሙልጭ ራሱ ላይም የሆነ ነገር ደረሰ። አንድ ደንበኛ «ከላይ እንዳትነካብኝ» ሲለው ሳይነካ ቀረ። ሰውየው መስታወት አይቶ ደነገጠና ውጭ ለቆሙት «ጋሽ ሙልጭን አሞታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ከሁሉም ግን የሚወዳት አንዲት ተክል ነበረች። የውሃው ቧንቧ ስር ማንም ሳይተክላት ራሷ በቀለች። ጋሽ ሙልጭ ከዚያ ከቅዳሜው ጥፋት የተረፈች የእትዬ መድኃኒት መሰለችው። ይህችን እንኳ እግዜር አተረፈልኝ ብሎ በኩባያ ውሃ ያጠጣት፣ ፀሐይ ሲበረታ በመላጫ ጨርቅ ያጠላላት ጀመር። ስሟን እትዬን እንዳይጠይቅ መልኳን በስልክ መግለጽ አቃተው። ለደንበኞቹ ግን ብርቅ ነገር ናት እያለ ያስጎበኛል። አንድ የታክሲ ሾፌር ሁለት ቅጠል ቀጥፎ አፍልቶ ጠጣና ሆዴ ዳነ አለ። ሰውየው በዚያው ሳምንት አልኮል ትቶ ነበር፣ እሱን ግን ማንም አልቆጠረም። ተክሏ አደገች፣ ወልዳም ሦስት ሆነች። ልክ በዚያ ሰሞን ነጩ የመላጫ ጨርቅ ላይ ትንንሽ የሚጣበቁ ነገሮች ይገኙ ጀመር። ጋሽ ሙልጭ አንድ በአንድ እየለቀመ «እናንተ ደግሞ የት የት ነው የምትሄዱት?» እያለ ደንበኞቹን ይቆጣ ነበር።

ሦስት ወር ሞልቶ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ መኪናው በር ላይ ቆመ። እትዬ ከስታለች። በአራት እግር ምርኩዝ ተደግፋ የፀጉር ቤቱን ወለል ስታቋርጥ ቁልቁል አየችና «አልወለወልክም» አለች።

«ትቻለሁ» አላት። እውነትም ከዚያ ቀን ወዲህ በደረቅ መጥረጊያ ብቻ ነው የሚጠርገው።

ልጇ ሻንጣውን መኪናው ውስጥ ትታ ከኋላቸው ገባች። ጋሽ ሙልጭ ጓሮው መሃል፣ ጎመኑና ቲማቲሙ በሚገናኙበት ቦታ፣ የድሮውን የፀጉር ቤት ወንበር ተክሎ ጠበቃቸው። ቆዳው ተቀዷል፣ ግን ይሽከረከራል፣ ፔዳሉን ሲረግጡት ከፍ ይላል። እህቱ ጎንበስ ማለት እንደማትችል ሐኪሙ ስለነገራቸው ሳምንት ሙሉ ዘይት ሲቀባው ነበር። እትዬን ደግፎ አስቀመጣትና ቀስ ብሎ አዞራት። በሶብላውን አየች፣ ጦስኙን አየች። አዳዲሶቹን ጣሳዎች ቆጠረች። እጇን ዘርግታ አንድ ቅጠል ቀጥፋ አሸተተች።

ጋሽ ሙልጭ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። መጀመሪያ የተናገረችው ግን ልጇ ናት።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ነው ያሳመርከው። አየሽ አይደል እማዬ? አንቺ ያለ እኔ ይጠፋል ብለሽ ነበር። ያለ አንቺ ከበፊቱ የተሻለ ሆኗል። አሁን የሚያሳስብሽ ነገር የለም፣ ጋሼ ይይዘዋል። እኔ ጋ ሆነሽ በየዓመቱ እየመጣሽ ታይዋለሽ፣ ይቺ ወንበርም ትቆይሻለች።»

ጋሽ ሙልጭ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ሦስት ወር ሙሉ የለፋው ጓሮው ቢጠፋ ትቀርብኛለች ብሎ ነው። ጓሮው ቢያምርም ልትቀርበት እንደምትችል አንድም ደንበኛ አልነገረውም። ይህን ሁሉ ትል በእጁ የለቀመው እህቱን በጥሩ ሁኔታ ለመሸኘት ኖሯል። ትንሽ ባደርቀው ኖሮ ብሎ አሰበ፣ ቢደርቅም ሻንጣው እንደማይወርድ ትዝ አለው።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ያን ጊዜ… እኔ…»

«ነቀልከው» አለች እትዬ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነህ። በመጀመሪያው እሑድ ናናው ከጣሳው አልወጣም ስልህ 'የቱ ጣሳ' አልከኝ። ሃያ ዓመት በላያቸው ላይ እየተራመድክ የኖርክባቸው ጣሳዎች! ከዚያ ደግሞ በዘመንህ ስለ ቅጠል ጠይቀህ የማታውቀው ሰውዬ ደንበኛ አመጣህ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሲባል አልሰማህም?»

«ለምን አልተቆጣሽኝም ታዲያ?»

«አልቅሻለሁ» አለች። «አንድ እሑድ ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ከዚያ ደንበኛህ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ከእንግዲህ ጎንበስ አልልም፣ ማሙሽ፤ የሚያውቅልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ብቆጣህ ትተወው ነበር። ጥሩ ደንበኛ ነው፣ ቢቆይም ገብቶታል።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ከመሸ ደግሞ ማሽከርከር አትወድም። «ስለዚህ ተስማማን ማለት ነው» አለች። «ጋሼ ሁሉንም አውቆታል።»

እትዬ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ጋሽ ሙልጭ ፈራ፤ ፊቷ ላይ እሺ የማለት ድካም አየ። ሲጨንቀው የቀረችውን አንዲት ሀብቱን ያሳያት ዘንድ ወንበሩን ወደ ቧንቧው አዞረ።

«ይቺን ግን አላየሽም። የነቀልኩት ሁሉ ሲያልቅ ይቺ ብቻ ተርፋልኝ በኩባያ አሳደግኳት። ሦስት ሆናለች። አንድ ሾፌር ሆዱ ድኖባታል። ስሟን ነው ያላወቅኩት።»

እትዬ ወደ ፊት ዘንበል ብላ አየች። ወንድሟን አየች፣ ሱሪውን አየች። ከጉልበቱ በታች በትንንሽ ቡናማ ፍሬ ተሸፍኗል። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዳሌዋን በእጇ ይዛ እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

«ጭጎጊት ነው» አለች። «ማሙሽ፣ ይሄ አረም ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቀው! በሶብላዬን ነቅለህ ጭጎጊት በኩባያ አጠጣህ?»

«ሾፌሩ ግን…»

«ሾፌሩን ተወው። አሁኑኑ ንቀለው። ዘሩን ጥሎ ካበቃ የመጪው ዓመት ጓሮ የእሱ ነው።»

ጋሽ ሙልጭ ጎንበስ አለ። በዚያ ቅዳሜ ለአንድም ቅጠል ያልራራ እጅ ግንዱን ያዘና ቆመ። በመላጫ ጨርቅ ያጠላላት ትዝ አለው። ቀና ብሎ እህቱን አያት።

«ሦስቱንም ነው?» አለ። «አንዷን ብንተዋትስ?»

እትዬ ወደ ልጇ ዞረች። ለመዞር የማንንም እጅ አልጠበቀችም።

«ሰማሽው?» አለች። «ሁሉንም አውቆታል ያልሽኝ ይሄን ሰውዬ ነው። ለአረም ይለምናል። እኔ አራተኛ ፎቅ ተቀምጬ ይሄን ለማን ትቼ ነው? ሂጂ ሻንጣዬን አውርጂ።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት አየች። ቁልፏን ይዛ በፀጉር ቤቱ በኩል ወጣች። የመኪናው ኋላ ሲከፈት ድምፁ ጓሮው ድረስ ተሰማ።

ጋሽ ሙልጭ ሦስቱን ጭጎጊቶች አንድ በአንድ ነቀለ። ሲነቅል አፍንጫው ይሞላል፣ ደጋግሞ በክንዱ ይጠርጋል፣ ለምን እንደሚያለቅስ ማንም አልጠየቀውም።

«አሁን ትንሽ ከፍ አድርገኝ» አለች እትዬ። «ከቲማቲሙ ወዲያ ያለው አይታየኝም።»

ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረገጠላት።